ጉስታፍ ዳሌንና ራሱን የሚያበራው መብራት

ከእኛ ጋር የሚማር አንድ የኩርሙክ ልጅ አለ። ኩርሙክ ከአሶሳ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከሱዳን ጠረፍ ላይ የምትገኝ መሆንዋን የማያውቅ ተማሪ ቢኖር አሁን ይወቅ፤ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ከተሞች ናቸው፤ አንደኛዋ በእኛ ወገን ሁለተኛዋ በሱዳን ወገን። ይህ ጓደኛችን ባለፈው ዓመት ለእናቱ ቤት በር መብራት የሚሆን ታይመር፣ ማለት ሰዓት ጠብቆ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ገዝቶ ላከ። እናቱ ከገበያም ከለቅሶም ሲመለሱ ብዙ ጊዜ ይመሽባቸዋል። አገሩ ቆላ ነው፤ ጊንጡም እባቡም ማታ ማታ ይወጣል። ስለዚህ መብራቱ እርሳቸው ከመድረሳቸው አስቀድሞ በርቶ እንዲጠብቃቸው ተፈለገ። ታይመሩ ሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ሠራ። ከዚያ በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ኃይል ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥር ሰዓቱ እየተዛባ ሄዶ፣ በቀትር የሚያበራ ሲመሽ የሚያጠፋ ሆነ። ሁለተኛ ተገዝቶ ተላከ፤ እርሱም እንደ ፊተኛው ሆነ። ልጁ ሦስተኛውን ከመግዛቱ በፊት የትኛው ዓይነት ይታመናል ሲል ጠየቀኝ።

ነገሩን ከሱቅ ዕቃ ከመጀመር ከአንድ ሰው ሕይወት ጀምሬ ብነግረው ይሻላል ብዬ አሰብሁ። ሰው በሌለበት ቦታ መብራት በጊዜው እንዴት ይብራ፣ በጊዜውስ እንዴት ይጥፋ የሚለውን ጥያቄ ይህን ሰው ያህል አጥብቆ የያዘው አላውቅም። ለእርሱ የነገርሁትን አሁን ለሁላችሁም አቀርበዋለሁ። ዘመኑን ሁሉ የምሰጠው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኒልስ ጉስታፍ ዳሌን ኅዳር 30 ቀን 1869 በስዊድን አገር፣ ቬስተርዬትላንድ በሚባለው አውራጃ፣ ስቴንስቶርፕ በምትባል የገጠር ቀበሌ ተወለደ። በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከወደቁ አንድ ዓመት ተመንፈቅ አልፎ ነበር። ወላጆቹ ገበሬዎች ነበሩ። ወንድሙ አልቢን ወደ ትምህርት ሄዶ ኋላ የዓይን ሐኪምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ ጉስታፍ ግን ከእርሻው ላይ ቀረ። እንደሚተረክለትም ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው ነገር ጧት ከአልጋ መነሣት ነበር።

ለዚህ ስንፍናው ያበጀው መድኃኒት በስዊድን አገር እስከ ዛሬ ይነገራል። አንድ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት ወስዶ እንዲህ አደረገ፤ የተወሰነው ሰዓት ሲደርስ ሰዓቱ ክብሪት ይጭራል፤ ክብሪቱ የዘይት መብራት ይለኩሳል፤ ከመብራቱ በላይ የተንጠለጠለው የቡና ማፍያ ይሞቃል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ መዶሻ ብረት ይመታና የተኛውን ይቀሰቅሳል። ተኝቶ የነበረው ልጅ ብርሃን በርቶ፣ ቡና ፈልቶ ይነሣል። ከእኛ ዘንድ ቡና የሚያፈላው ሰው ነው፤ እናትና እኅት ያላቸው እንዲህ ያለ መሣሪያ ለመፍጠር አይገደዱም ብሎ የሚቀልድ ይኖር ይሆናል። ቀልዱን ትተን ስናየው ግን ይህ መሣሪያ ያለ ጥርጥር የቤት መብራት ታይመር ነው። የኩርሙኩ ታይመር ያለበት ጉድለትም ሁሉ አለበት። ሰዓቱን ሁልጊዜ የሚሞላ ሰው ያስፈልገዋል፤ ክብሪቱን ማታ የሚያስቀምጥ ያስፈልገዋል፤ ዘይቱን የሚጨምር ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ከተረሳ ልጁ ተኝቶ ይቀራል። በራሱ የሚሠራ የሚመስል፣ ከጀርባው ግን አገልጋይ የሚፈልግ ዕቃ ነበር።

ዳሌን እርሻውን አስፋፋ፤ አትክልት፣ ዘርና ወተት መሸጥም ያዘ። በ1892 የወተትን ቅባት የሚለካ አንድ መሣሪያ ፈለሰፈ። ይህን ተሸክሞ ወደ ስቶክሆልም ሄደና የክሬም መለያውን ማሽን ለፈጠረው ለታላቁ መሐንዲስ ለጉስታፍ ዴ ላቫል አሳየው። ዴ ላቫል ተመሳሳይ ነገር አስቀድሞ ሠርቶ ኖሮ የወጣቱ ድካም ለገበያ አልሆነም። ሆኖም ሰውዬው የልጁን አእምሮ ስላየ ትምህርት እንዲማር መከረው። ዳሌንም ምክሩን ሰምቶ እርሻውን ትቶ በዬተቦርይ ከተማ ወዳለው ወደ ቻልመርስ ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1896፣ ማለት አድዋ በሆነበት ዓመት፣ በምሕንድስና ተመረቀ። ከዚያም በስዊስ አገር በዙሪክ ፖሊቴክኒክ አንድ ዓመት ተማረ። ከእርሻ ወደ ዩኒቨርሲቲ ዘግይቶ የገባ ሰው ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ ገፋ ብለው የገቡ ካሉ ይህን ልብ ይበሉ። በ1901 ኤልማ ፔርሾን የምትባል ሴት አገባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ስዊድን ባሕርዋ ድንጋይና ደሴት የሞላበት አገር ናት። መርከብ በሌሊት ከአለት እንዳይጋጭ በየደሴቱ የመብራት ማማ ይቆማል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ ማማ ጠባቂ ነበረው፤ ማታ የሚለኩስ፣ ጧት የሚያጠፋ፣ ዘይት የሚጨምር፣ በክረምት በረዶና በማዕበል ውስጥ ከቤተሰቡ ጋራ በአንድ ቋጥኝ ላይ የሚኖር ሰው። ሰው ሊኖርባቸው በማይቻል አለቶች ላይ መብራት አልነበረም፤ እዚያም መርከብ ይሰበር ነበር። ጠባቂው ቢታመም፣ ቢተኛ ወይም ጀልባው ቢዘገይበት አንድ ሌሊት ጨለማ ሆነ ማለት ነው። የአንድ ሌሊት ጨለማ ደግሞ በባሕር ላይ የሰው ነፍስ ነው።

አሲቲሊን የተባለው ጋዝ ለዚህ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። ከካርባይድና ከውኃ የሚወጣ ሲሆን ነበልባሉ ነጭና ብሩህ ነው። ዛሬ በየብየዳ ቤቱ የምናውቀው ይኸው ጋዝ ነው። ነገር ግን ጠባዩ ክፉ ነው። ከ2 አትሞስፌር በላይ ተጨምቆ ሲታሰር በጥቂት ምክንያት ይፈነዳል። ጋዙ አሴቶን በተባለ ፈሳሽ ውስጥ ሲሟሟ እንደሚረጋጋ፣ አሴቶኑም እንደ ሰፍነግ ቀዳዳ በሞላው ጠጣር ነገር ውስጥ ቢጠጣ አደጋው እንደሚቀንስ ሌሎች ደርሰውበት ነበር። ጠጣሩ ነገር ግን በመኪናና በመርከብ ሲንገላታ እየተሰባበረ ውስጡ ባዶ ቦታ ያበጃል፤ በዚያ ባዶ ቦታ ጋዙ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ያው ፍንዳታ ነው። ዳሌን ከጥቂት ዓመት ሙከራ በኋላ በ1906 ገደማ የማይሰባበር ድብልቅ አገኘ፤ ከአስቤስቶስ፣ ከሲሚንቶ፣ ከከሰልና ዲያቶማይት ከሚባለው ቀላል አፈር የተሠራ ነበር። አስቤስቶስ ለሳንባ ጠንቅ መሆኑን እኛ ዛሬ እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን የሚያስበው አልነበረም። ድብልቁ ኩባንያው በሚጠራበት ስም አጋ ማስ ተባለ። ዳሌን በዚያው ዓመት የኩባንያው ዋና መሐንዲስ ሆነ፤ በ1909 ደግሞ ዋና ሥራ አስኪያጅ።

ከዚህ ቀደም ብሎ በ1905 አንድ ሌላ ነገር ሠርቶ ነበር። መብራት ሳያቋርጥ ከሚበራ ይልቅ ብልጭ ድርግም ቢል መርከበኛው የትኛው ማማ እንደሆነ ከአበራሩ ይለየዋል፤ ጋዙም ይቆጠባል። ስለዚህ ጋዙ በራሱ ግፊት ስስ የቆዳ ሽፋን እያነሣና እየጣለ ጥቂት በጥቂት እንዲወጣ፣ ሁልጊዜ የምትነድ ትንሽ ነበልባልም እንድታቀጣጥለው አደረገ። አንድ እጅ ብርሃን፣ ዘጠኝ እጅ ጨለማ በሆነ አበራር ጋዙ አንድ አሥረኛ ብቻ ይፈጃል። ለዚህ ሁሉ ሰዓትም ሞተርም አላስፈለገም፤ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው የሚነደው ጋዝ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር። መብራቱ ቀን ለቀንም ብልጭ ይል ነበር። ማን ያጥፋው? ማንም ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ሰዓት ነው። በልጅነቱ ያደረገው ይኸው ነበርና ዳሌንም ሊያስበው ይችል ነበር። ነገር ግን የስዊድንን ፀሐይ ማወቅ ያስፈልጋል። በስቶክሆልም አካባቢ በሰኔ ወር ቀኑ ከ18 ሰዓት በላይ ነው፤ በታኅሣሥ ወር 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በበጋ ፀሐይዋ ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፎ ትጠልቃለች፤ በክረምት ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በዚህ አገር ለአንድ ሰዓት የተቀጠረ ማብሪያ በወር ውስጥ ሐሰተኛ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ጭጋግ አለ። ጭጋግ ሰዓት አይጠብቅም፤ መርከብም ከሁሉ ይልቅ መብራት የሚፈልገው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ በ1907 ሰዓትን ትቶ ፀሐይን ራስዋን ማብሪያና ማጥፊያ አደረጋት። ሥራው እንደሚከተለው ነው። አራት የብረት ዘንጎች በመስታወት ውስጥ ይቆማሉ። ሦስቱ በወርቅ ተለብጠው የሚያብረቀርቁ ናቸው፤ ብርሃን ሲያርፍባቸው ይመልሱታል። በመካከላቸው ያለው አራተኛው ግን እንደ ጥቀርሻ የጠቆረ ነው፤ ብርሃኑን ይውጠዋል። ሲነጋ ጥቁሩ ዘንግ ከብርሃኑ የተነሣ ሞቆ ከጓደኞቹ በጥቂቱ ይረዝማል፤ ያች ጥቂት ርዝመት ወደ ታች ገፍታ የጋዙን በር ትዘጋለች። ሲመሽ ዘንጉ ያጥራል፤ በሩ ይከፈታል፤ ትንሽዋ ነበልባል ጋዙን ታቀጣጥለዋለች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ አራት ዘንግ መሆኑ ነው። አንዱ ጥቁር ዘንግ ብቻውን በቂ ይመስላል። ብቻውን ቢሆን ግን የአየሩ ሙቀትም ያስረዝመው ነበር፤ ሞቃት ሌሊት ሲመጣ ቀን መስሎት መብራቱን ያጠፋ ነበር። አራቱ አብረው ሲቆሙ የአየር ሙቀት ሁሉንም እኩል ያስረዝማቸዋል፤ እኩል ሲረዝሙ በሩ አይንቀሳቀስም። በጥቁሩና በሚያብረቀርቁት መካከል ልዩነት የሚያመጣ ብርሃን ብቻ ነው። ሌሊቱ እንደ እቶን በሚግልበት በኩርሙክ ቆላም ቢሆን መሣሪያው ሙቀትን ከብርሃን አያምታታም ማለት ነው። ሁለተኛም ልብ እንበል፤ ጨለማ ማለት የተከፈተ በር ማለት ነው። ዘንጉ ብርሃን እስካላገኘ ድረስ፣ ሌሊትም ይሁን ጭጋግ፣ ወይም መስታወቱ ላይ አሸዋ ተጋግሮ ይሁን፣ መብራቱ ይበራል። ቢሳሳት የሚሳሳተው በማብራት ወገን ነው። ጋዝ ይባክናል፤ መርከብ ግን አይሰበርም።

እዚህ ላይ ከሕይወት ታሪኩ ጥቂት ወጣ ብዬ ለጓደኛችን የመለስሁለትን ላስገባ። ከኩርሙክ ጀምሮ የመጣንበት ጉዳይ ነውና።

ኩርሙክ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ ተመንፈቅ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይዋ እንደ ስዊድን ፀሐይ አትዘባርቅም። በኅዳር መጨረሻ ከምሽቱ 12፡20 ገደማ ትጠልቃለች፤ በሐምሌ መጀመሪያ 1፡10 ገደማ። ከዓመት እስከ ዓመት ልዩነቱ 50 ደቂቃ ያህል ነው። እኛ ሰዓትን ከፀሐይ መውጣትና መጥለቅ የምንቆጥር ሕዝብ የሆንነው አለምክንያት አይደለም። በዚህ አገር ለ12፡15 የተቀጠረ ታይመር ዓመቱን ሙሉ መሽቶ ሳይጨልም ያበራል፤ የሰዓት ማብሪያ በስዊድን ያልሠራው በኩርሙክ ይሠራል። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ሰዓቱ በኤሌክትሪክ ይሄዳልና ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በሞተር የሚዞረው ርካሹ ታይመር ሁሉ እንዲህ ነው። ኤሌክትሮኒክ የሆነውም የራሱ ባትሪ ከሌለው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱን ስንት ጊዜ ይዞ ይቆያል የሚለው ነው። ይህ በካርቶኑ ላይ ይጻፋል፤ ካልተጻፈ የለውም ማለት ይቻላል።

ቀጥሎ የሚታየው የሚሸከመው ኃይል ነው። በማሸጊያው ላይ 16 አምፔር የሚል በትልቁ ተጽፎ ይገኛል፤ ያ ግን እንደ ምጣድና እንደ ውኃ ማሞቂያ ላለው ዕቃ የሚሆን ቁጥር ነው። ኤልኢዲ አምፖሎች በሚበሩበት ቅጽበት ለአፍታ ከመጠናቸው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባሉ፤ ይህም በውስጡ ያለውን የሪሌ ጥርስ እያቃጠለ መጨረሻ ላይ ያጣብቀዋል። ስለዚህ ለኤልኢዲ ስንት ዋት ይችላል የሚለውን ትንሹን ጽሑፍ መፈለግ ይገባል። ከግድግዳ ማብሪያ ቦታ የሚገቡ፣ ኒውትራል ሽቦ የማይፈልጉም አሉ፤ እነዚህ ለራሳቸው የሚሆን ጥቂት ኃይል በአምፖሉ በኩል ስለሚያሳልፉ ኤልኢዲው ጠፍቶም ሳለ እንደ ዓይነ ጥላ ይፈዛል ወይም ይርገበገባል። ኒውትራሉ እንዲገባ ኤሌክትሪሽያኑን ማስገደድ ነው። ፀሐይ የምትጠልቅበትን ራሳቸው የሚያሰሉ ታይመሮችም መጥተዋል። ለእነዚህ የከተማውን ቦታ መንገር ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ተብሎ ቢሞላ ፀሐይ በኩርሙክ የምትጠልቀው ሩብ ሰዓት ከዚያ በላይ ዘግይታ ስለሆነ ቀደም ብሎ ያበራል እንጂ ጉዳት የለውም። ሰዓቱ ሲሞላ ማታ 12፡15 የተባለው 18፡15 መሆኑንም እንዳንዘነጋ። ለታይመሮች መበላሸት አንዱ ምክንያት ሰዓቱ በሐበሻ አቆጣጠር ተሞልቶ መገኘቱ ነው ቢባል አልክድም።

እንግዲህ ሙቀት ቀረ። ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተሰቀለ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮችና ባትሪው ቶሎ ያረጃሉ፤ መሐንዲሶች በየ10 ዲግሪ ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብለው ይገምታሉ። ከቤት ውስጥ፣ ከግድግዳ ዝቅ ብሎ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ወደ ሰውዬው እንመለስ። የፀሐይ ማብሪያውን ነገር ሊቃውንቱ ወዲያው አላመኑትም። የጀርመን የፈጠራ መዝገብ ቤት መሣሪያው በዓይን ካልታየ ፈቃድ አልሰጥም እንዳለ ይነገራል። መሣሪያው ግን በፉሩሆልመን ማማ ላይ ተተክሎ ሠራ። ማብሪያው፣ ብልጭታውና አጋ ማሱ ሲገናኙ ከአንድ ዓመት በላይ ሰው ሳይደርስበት የሚኖር መብራት ተገኘ። የኩባንያው ስም በየወደቡ ተሰማ፤ በዚያን ጊዜ ይቆፈር የነበረውን የፓናማ ቦይ በመብራት የማስታጠቁን ሥራም አገኘ።

በዚህ ሁሉ ዳሌን መሣሪያ ሠርቶ የሚልክ ብቻ አልነበረም፤ ሠርቶ የሚሰብር ሰው ነበር። ጠርሙሱ ቢወድቅ፣ ቢሞቅ፣ ግፊቱ ቢበዛ ምን ይሆናል እያለ አደጋውን በገዛ እጁ እየጠራ ይፈትነዋል። መስከረም 27 ቀን 1912 የአሲቲሊን ጠርሙሶችን ደኅንነት ሲፈትን አንዱ በፊቱ ፈነዳ። ክፉኛ ቈሰለ። ለብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ነበር። ወንድሙ አልቢን የዓይን ሐኪም ነበር፤ ይሁን እንጂ ለወንድሙ ዓይን ምንም ሊያደርግ አልቻለም። ጉስታፍ ዳሌን በ42 ዓመቱ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጣ።

ገና ከአልጋ ሳይነሣ፣ አደጋው ከደረሰ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ የዚያ ዓመት የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ለእርሱ መሰጠቱ ተነገረ። ሽልማቱ የተሰጠው ለማማዎችና በውኃ ላይ ለሚንሳፈፉ መብራቶች ስለሠራቸው ራስ ሠር ተቆጣጣሪዎች ነው። በታኅሣሥ በዓሉ ላይ የተገኘው አልቢን ነበር።

ይህ ሽልማት እስከ ዛሬ ያነጋግራል። በዚያው ዓመት ከታጩት መካከል ማክስ ፕላንክና አልበርት አይንስታይን ነበሩ። ካመርሊንግ ኦነስም ነበር፤ እርሱ በሚቀጥለው ዓመት ተሸለመ። ከአይንስታይን ፊት የመብራት ማጥፊያ የሠራ ሰው እንዴት ይቆማል የሚሉ አሉ፤ የታወረው ሰው ታዝኖለት ነው የሚሉም አልጠፉም። የፊዚክስ ተማሪዎቻችን ይህን ክርክር ይወዱታል። እኔ ስለ ፊዚክስ ጥልቀት ከሆነ እስማማለሁ፤ ዳሌን ስለ ተፈጥሮ አዲስ ሕግ አላገኘም። ነገር ግን ኖቤል በኑዛዜው ያሰበው ለሰው ልጅ ታላቅ ጥቅም የሰጡትን ነበር። በዚያ ሚዛን ከተመዘነ፣ በሌሊት ከአለት ተጋጭተው ሊሞቱ ኖሮ ያልሞቱት መርከበኞች የሚመሰክሩለት ይመስለኛል።

የሚቃወመውን ወገንም ሳልሰማው ማለፍ አይገባኝም። ማማው ያለ ሰው ሲሠራ ጠባቂው ምን ሆነ? በብዙ አለቶች ላይ ልጅ ወልዶ ያሳደገ ሰው እንጀራው ተነካ። ስለ ማሽንና ስለ ሥራ አጥነት በማኅበራችን አዳራሽ ስንከራከር ይህ ምሳሌ ቢነሣ እወድ ነበር፤ ከዚያ ቋጥኝ ላይ መኖርን የሚወድ ሰው ጥቂት ነበር ብሎ ለመመለስ ቀላል ነው፣ ለተባረረው ሰው ግን መልስ አይሆንም።

ዳሌን ከአልጋው ተነሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዕውር ሆኖ የኩባንያውን የሥራ አስኪያጅነት እስኪሞት ድረስ ለ25 ዓመት ያዘ። ሌሎች ያነቡለታል፤ ሞዴሎቹን በእጁ ይዳስሳል፤ ሥዕሉን በአእምሮው ያያል። የሠራተኛው ቁጥር በዛ፤ የኩባንያው ቅርንጫፍ በብዙ አገር ተከፈተ።

ከዕውርነቱ በኋላ የሠራው ታላቁ ነገር የተወለደው ከቤቱ ነው። ቀድሞ ወደ ፋብሪካና ወደ ባሕር ሲሮጥ የሚውል ሰው አሁን ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ መቀመጥ ግድ ሆነበት፤ ሲቀመጥም ኤልማ ቀኑን ሙሉ ከምድጃው ጋራ ስትታገል ሰማ። እንጨት መጨመር፣ አመድ መጥረግ፣ ሙቀቱ ሲበዛ ማቀዝቀዝ፣ ሲያንስ ማቀጣጠል። ይኸውም ሌላ የመብራት ማማ መሆኑ ነው፤ ጠባቂዋ እርስዋ ናት። በ1922 ብዙ ብረት ሙቀቱን አከማችቶ የሚይዝለት፣ ጥቂት ከሰል በቀስታ የሚነድበት፣ አየሩንም በሙቀት መጠን ራሱ የሚከፍትና የሚዘጋ ምድጃ ሠራ። ከ1929 ጀምሮ በእንግሊዝ አገርም ተሠርቶ በገጠር ቤት ሁሉ የታወቀው የአጋ ምድጃ ይህ ነው። ስለ ፀሐይ ማብሪያው ሽልማት ያገኘ ሰው በብዙ ቤት ስሙ የሚታወቀው በወጥ ቤት ዕቃ መሆኑ ያስቃል፤ እናቶቻችን ግን አይስቁም።

በ1937፣ በእኛ አገር የካቲት 12 የሆነበት የዚያ መከራ ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ታኅሣሥ 9 ቀን፣ በስቶክሆልም አጠገብ በሊዲንግዮ ባለው ቤቱ በ68 ዓመቱ ዐረፈ። ከቤቱ አጠገብ ባሕር ነበር፤ መርከቦች ያልፉ ነበር።

ወደ ስቶክሆልም በሚያስገባው የባሕር በር ላይ ብሎክሁስኡደን የምትባል ትንሽ ማማ አለች። በ1912፣ ዳሌን ዓይኑን ባጣበት ዓመት፣ የፀሐይ ማብሪያ ተተከለባት። ማማዋ በ1980 ኤሌክትሪክ እስከገባላት ድረስ በዚሁ ሠራች፤ 68 ዓመት መሆኑ ነው።

የኩርሙኩ ጓደኛችን በመጨረሻ ታይመር አልገዛም፤ ፎቶ ሴል ገዛ። ይህም የፀሐይ ማብሪያው የልጅ ልጅ ነው፤ በዘንግ ፈንታ ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ጠባዩ የሚለወጥ ትንሽ ቁራጭ አለው። ሰዓት ስለሌለው ኃይል ቢቋረጥ የሚጠፋበት ነገር የለም፤ ኃይሉ ሲመለስ ወደ ሰማይ አይቶ ይወስናል። ሲገዛ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ለኤልኢዲ የሚሆን ዋቱን፣ ቢበላሽም አብርቶ የሚቀር እንጂ አጥፍቶ የሚቀር አለመሆኑን። የመንገድ መብራት ፎቶ ሴሎች አብዛኞቹ እንደዚያ ሆነው ይሠራሉ። ሲተከል የበሩ አምፖል ብርሃን እንዳያርፍበት ከግድግዳው ማዶ አደረጉት፤ አለዚያ በራሱ ብርሃን ነጋ ብሎ ይጠፋና፣ ጨለመ ብሎ ይበራና፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ዳሌን ማማ ብልጭ ድርግም ሲል ያድር ነበር።

እናቱ አንድ ቅሬታ አላቸው። በክረምት ዳመናው ጠቁሮ ዝናብ ሊመጣ ሲል በቀትር ይበራል። ልጃቸው እንዳለ ይተዉት ብሎአቸዋል።